አልጌውን አጥፍቶ ተክሉን ማትረፍ

አኳሪየም (የቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ) ውስጥ ያለ ተክል አልጌ የሚባለውን የውሃ ውስጥ ብቃይ ሲለብስ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መድኃኒት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን ከገንዳዬ ከጠፉት ተክሎች አብዛኞቹን የጨረሳቸው አልጌው አይደለም፤ እሱን ለማጥፋት ያደረግሁት ነገር ነው። አሁን ገንዳው ደህና ሆኗል። ይህን የምጽፈው እዚያው ጭንቀት ውስጥ ላላችሁ ነው፣ በተለይ ጠርሙስ ይዛችሁ ልትጨምሩ ለተዘጋጃችሁ። እስቲ ቆዩ፣ ገና አትጨምሩ።

ነገሩ የጀመረው በቡናማ ብናኝ ነው። ገንዳው አዲስ ነበር፤ ቅጠሉም መስታወቱም ቡናማ ለበሰ። ይሄ ዳያተም የሚባለው ነው። አዲስ ገንዳ ላይ በብዛት ይወጣል፣ በጣት ሲነኩት ይለቃል፣ ገንዳው ሲረጋጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ተክሎቹ ብርሃን አንሷቸው ነው ብዬ መብራቱን ከጠዋት እስከ ማታ አበራሁት። ቡናማው ሄደ፤ በምትኩ አረንጓዴ ክር መጣ።

ያ ክር ግንዱ ላይ ይጠመጠማል፣ ከቅጠል ቅጠል ይዘረጋል። በእጅ ስትጎትቱት ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ይመጣል። እኔ እየጎተትኩ፣ የተነቀለውን እየተከልኩ ብዙ ደከምኩ። ተክል ደግሞ መነቀል አይወድም፤ ሥር ለመስደድ የሚያወጣው ጉልበት ከአዲስ ቅጠል ላይ የሚቀነስ ነው። ክሪፕቶኮራይን የሚባለው ተክል ደግሞ ሥሩ ሲነካ ወይም ውሃው በድንገት ሲቀየር ቅጠሉን በሙሉ አሟሙቶ ይጥላል። ሞተ ብላችሁ አትጣሉት። ሥሩ ደህና ከሆነ መልሶ ያበቅላል።

ለክሩ የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ (ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል) ክሩ ውስጥ አስገቡና እንደ እንዝርት አሽከርክሩት። ክሩ ብሩሹ ላይ ይጠቀለላል። በሌላው እጃችሁ የተክሉን ግርጌ አፈሩ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። የተበጣጠሰውን ደግሞ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አትተዉት፤ ቁራጩ የተቀመጠበት ቦታ መልሶ ያድጋል። ስለዚህ ይህን ሥራ ውሃ ከምትቀይሩበት ቀን ጋር አገናኙት። ውሃውን የምታወጡበትን ጎማ ጫፍ ብሩሹ አጠገብ አድርጋችሁ እያጸዳችሁ ምጠጡት።

እኔ ግን ይህን ከመልመዴ በፊት ትዕግሥቴ አለቀና አልጌ ማጥፊያ ጨመርኩ። ከእነዚህ ማጥፊያዎች አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው። መዳብ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው፤ ከሁሉ በፊት አልጌውን በነፃ የሚበሉላችሁን ሠራተኞች ይገድላል። በዚያ ላይ አልጌ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲሞት ይበሰብሳል። መበስበሱ የውሃውን ኦክስጅን ይወስዳል፣ ለዓሣ መርዝ የሆነውን አሞኒያም ይለቃል። ዓሦች አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲተነፍሱ ካያችሁ ነገሩ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ወዲያው ግማሽ ውሃ ቀይሩ፣ የአየር ፓምፕ ካላችሁ አብሩ። የምትጨምሩት ውሃ ክሎሪን ካለው ክሎሪን ማጥፊያውን አትርሱ።

ቀጥሎ የሞከርኩት «ፈሳሽ ካርቦን» እየተባለ የሚሸጠውን ነው። ስሙ ማዳበሪያ ያስመስለዋል። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ግን ግሉታራልዴሃይድ ነው፤ ሐኪም ቤት የሕክምና ዕቃ ለማምከን የሚጠቀሙበት ኬሚካል። አልጌውን እውነትም ጎዳው። ግን ቫሊስኔሪያዬ፣ ያ ረጅም ሪባን መሳይ ተክል፣ ሟሟ። ሞስ የሚባለው ስስ ተክልም ነጣ። አጠገባቸው ያለው አኑቢያስ የሚባለው ባለ ወፍራም ቅጠል ተክል ግን ምንም አልሆነም።

ዓይኔን የገለጠው ይህ ልዩነት ነው። ያው ውሃ፣ ያው መጠን፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ንቅንቅ አላለም። አስቡት፤ አልጌም ተክልም በብርሃን የሚኖሩ ናቸው፣ ተመሳሳይ ምግብ ነው የሚፈልጉት። አልጌን የሚገድል ኬሚካል ተክልን ለይቶ የሚያልፍበት ዓይን የለውም። ተክሉን የሚያተርፈው በአብዛኛው የቅጠሉ ውፍረት ነው። የሞስ ቅጠል አብዛኛው ክፍሉ የአንድ ሴል ውፍረት ነው ያለው። ኤጌሪያ የሚባለው ተክል ቅጠል ሁለት ሴል ነው። የአኑቢያስ ቅጠል ግን ቆዳ የሚመስል ጠንካራ ነው፤ መርዙ ውስጡ እስኪደርስ አልጌው ቀድሞ ይሞታል። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ከመጨመሬ በፊት የምጠይቀው «ይህ አልጌን ያጠፋል ወይ?» ብዬ አይደለም። «ገንዳዬ ውስጥ ካሉት ሁሉ ስሱ የትኛው ነው?» ብዬ ነው።

ስለዚህ ገንዳችሁን ተመልከቱና ተክሎቻችሁን ለዩ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ጠንካሮች ናቸው፤ ከውሃ አውጥታችሁ ብታክሟቸው ይችላሉ። ግንዳቸው ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ቅጠላቸው መካከለኛ የሆኑት ጥቂት ይችላሉ፣ ግን ለእነሱ መቀስ ይሻላል። ቫሊስኔሪያ፣ ሞስ፣ ኤጌሪያ፣ ሴራቶፊለም ላይ ኬሚካል ባታስጠጉ ነው የምመክረው። እነሱን በእጅ፣ በመቀስና በመብራት ነው ማዳን።

አሁን ወደ መብራቱ። መብራት ሳይስተካከል የሚደረግ ጽዳት ሁሉ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ይህን ለማመን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ምክንያቱም ብርሃን ሲቀንስ ተክሉ የሚጎዳ ይመስላል። አይጎዳም። በቀን 6 ወይም 7 ሰዓት ለአብዛኛው ተክል ይበቃል። ታይመር ግዙ፤ በእጅ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ይቆያል። ማታ እንግዳ መጣ፣ ገንዳው ያምራል፣ ይበራል። የመስኮት ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ከሆነ እሱም ይቆጠራል። ሰዓቱን ቀንሳችሁ ካልበቃ መብራቱን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት ወይም ላይ ላዩን የሚንሳፈፍ ተክል ጨምሩ። ተንሳፋፊ ተክል ጥላ ይሰጣል፣ ከውሃው ውስጥ ያለውን ትርፍ ምግብም ይጠጣል። አኑቢያስ ደግሞ በተፈጥሮው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው፤ ደን ውስጥ ባሉ ጥላ የበዛባቸው ወንዞች ዳር ይበቅላል። መብራት ሥር በቀጥታ ማስቀመጥ አልጌን መጋበዝ ነው። የኔው ከሌላ ተክል ጥላ ሥር ሲገባ አዲሶቹ ቅጠሎች ንጹህ ሆነው መውጣት ጀመሩ።

ከመብራቱ ጋር ሌላም ነገር አለ፤ የዓሦቹ ምግብ። ዓሣ ሁልጊዜ የራበው ያስመስላል። ሳይበላ መሬት የሚወርድ ምግብ ካያችሁ ይቀነስ። በየሳምንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ውሃ ቀይሩ፣ የበሰበሰ ቅጠል ልቀሙ። የማጣሪያውን ስፖንጅ እጠቡ፣ ግን ከገንዳው በወጣው ውሃ ነው የሚታጠበው። ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ከታጠበ አሞኒያን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ።

ብዙ ሰው አልጌ ሲያይ የተክል ማዳበሪያውን ያቆማል። እኔ በዚህ አልስማማም። የተራበ ተክል እድገቱ ይቆማል። አሮጌው ቅጠል ይዳከማል፣ ይበሳሳል፣ አልጌው ቁጭ የሚለው እዚያ ላይ ነው። በደንብ የሚያድግ ተክል ግን ከአልጌው ቀድሞ ምግቡን ይወስዳል። መጠኑን ከመብራቱ ጋር አመጣጥኑት እንጂ ጨርሶ አታቁሙት።

ይህን ሁሉ ካስተካከላችሁ በኋላ ነው ወደ ጽዳቱ የሚገባው። መጀመሪያ መቀስ። ከግማሽ በላይ አልጌ የለበሰ አሮጌ ቅጠል ላይ ጊዜ አታባክኑ። ቅጠል አንዴ ከተጎዳ አይታደስም፤ ብታጸዱትም አልጌው ተመልሶ የሚይዘው እሱኑ ነው። ከሥሩ ቁረጡት። የቅጠሉን ዘንግ አስቀርታችሁ ከቆረጣችሁ የቀረው ይበሰብሳል። ግን በአንድ ጊዜ ከተክሉ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ፣ የሚቀጥለውን ሌላ ሳምንት። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ላይ ማትረፍ ያለባችሁ ቅጠሉን ሳይሆን ቅጠሎቹ የሚወጡበትን ወፍራም አግድም ግንድ ነው። እሱ ጠንካራና አረንጓዴ ከሆነ ሁሉም ቅጠል ቢቆረጥ እንኳ ተስፋ አለ። መልሳችሁ ስታስቀምጡት ግንዱን አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት፤ ይበሰብሳል። ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር እሰሩት።

አኑቢያስ ላይ የሚወጣው ጠንካራ አረንጓዴ ነጠብጣብ የተለየ ነው። በጣት አይለቅም። በጥፍር ወይም በሻካራ ነገር ብትፍቁት ቅጠሉን ትቧጥጡታላችሁ፣ ቁስሉ ላይ ደግሞ ሌላ አልጌ ይይዛል። ለስላሳ ስፖንጅ ከላይ፣ መዳፋችሁ ከሥር ደግፎ፣ ቀስ አድርጋችሁ ሞክሩ። ካልለቀቀ ተዉት፤ አዲስ ቅጠል ሲመጣ አሮጌው ይቆረጣል።

ክፉው ጥቁሩ ጢም ነው። የቅጠል ጠርዝ ላይ አጭር ጥቁር ፀጉር ሆኖ ይበቅላል፣ ብትስቡት ቅጠሉ ይቀደዳል እንጂ እሱ አይነቀልም። ቀለሙ ቢያሳስትም ከቀይ አልጌዎች ወገን ነው። ከተጠራጠራችሁ አንድ የተቆረጠ ቅጠል አልኮል ውስጥ ንከሩ፤ ሌላው ቀለም ሲለቅ ቀይነቱ ይወጣል። ለተክሎቹ እድገት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ለምትጠቀሙ ደግሞ፣ መጠኑ አንድ ቀን ከፍ አንድ ቀን ዝቅ ማለቱ ለዚህ አልጌ ይመቸዋል። ጋዙን ከመብራቱ ጋር በታይመር አስተካክሉት።

ለእሱ የሚሠራው ፋርማሲ የሚገኘው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ውሃና ኦክስጅን ይሆናል፣ ገንዳው ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ይህ ማለት ግን እንደልብ ይጨመራል ማለት አይደለም። እኔ ለ10 ሊትር ውሃ ከ5 ሚሊ ሊትር አላልፍም። ከዚያ ሲበዛ የዓሣን ስንጥብ፣ ሽሪምፕንና የማጣሪያውን ባክቴሪያ ይጎዳል። አጨማመሩ እንዲህ ነው። ማጣሪያውን አጥፉና ውሃው እስኪረጋ ጠብቁ። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይዛችሁ አልጌው ላይ አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጥቃቅን አረፋ ይታያል። 10 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ማጣሪያውን አብሩ። አረፋ ካልታየ ፐሮክሳይዱ አርጅቶ ይሆናል፤ ብርሃን ያበላሸዋል፣ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። በቀናት ውስጥ ጥቁሩ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ነጭ ይሄዳል። ሮዝ ካያችሁ ሞቷል፣ አትድገሙት። የሞተውን ሽሪምፖቹ ይጨርሱታል።

ከዚህም የተሻለው ውሃ በምትቀይሩበት ሰዓት ነው። ውሃው ሲቀንስ ከውሃ በላይ የቀረውን የአኑቢያስ ቅጠል በቀለም ብሩሽ ፐሮክሳይድ ቀቡት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ውሃውን መልሱ። ስሶቹ ተክሎች ውሃ ውስጥ ስለሚቆዩ አይነካቸውም፣ የምትጠቀሙትም ትንሽ ነው። የቅጠሉ ሌላው ክፍል እንዳይደርቅ ውሃ አርከፍክፉበት።

በረኪናም አለ። ይህን የምነግራችሁ በጥንቃቄ ነው። ለአኑቢያስና ለጃቫ ፈርን ብቻ፣ ያውም ሌላው ሁሉ ሲያቅት። ሽቶም ሳሙናም የሌለው ተራ በረኪና አንድ እጅ ከ19 እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ለምሳሌ 50 ሚሊ ሊትር በረኪና ከ950 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ተክሉን ከገንዳው አውጥታችሁ ቢበዛ 2 ደቂቃ ንከሩት፣ ሰዓት እያያችሁ። ሥሩ ባይነከር ይመረጣል። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁና ክሎሪን ማጥፊያ በበዛበት ባልዲ ውስጥ አቆዩት። የበረኪና ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ገንዳው አይመለስም። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ቆርጣችሁ ሞክሩ፣ ነገ እዩት። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከፐሮክሳይድ ጋር በፍጹም አታደባልቁ። ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ለራሳችሁ ሳንባ አደገኛ ነው።

ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ቆዳ የሚላጥ፣ የሚሸት ነገር ካያችሁ ግን ይህ ሁሉ ለእሱ አይደለም። እሱ አልጌ ተብሎ ይጠራ እንጂ ባክቴሪያ ነው፣ ሲያኖባክቴሪያ። ሲላጥ በጎማ ምጠጡት፣ ከዚያ ገንዳውን በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ 3 ቀን ሙሉ ጨለማ አድርጉት። አሾልካችሁ አትዩ። ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሲሆንም ይኸው ዘዴ ይረዳል። በጨለማ ተክል ኦክስጅን አያመርትም፣ እንዲያውም ይጠቀማል፤ ስለዚህ አየር ፓምፑ ይሥራ፣ ምግብ ይቅር። ሲገለጥ ብዙ ውሃ ቀይሩ። ጤነኛ ተክል 3 ቀን ጨለማ ይችላል፣ የደከመውን ግን ለጊዜው ሌላ ዕቃ ውስጥ ብርሃን ወዳለበት አውጡት። ጨለማ ለጥቁሩ ጢምና ለነጠብጣቡ ያን ያህል አይረባም፤ ለእነሱ ብላችሁ ተክሉን አታስርቡት።

በላተኞቹ እንስሳት ላይ የሚባለው ብዙ ነው። ለክር አልጌ አማኖ ሽሪምፕ የሚያህል አላየሁም። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለተክል ገንዳዎቹ ሲጠቀምበት ካስተዋወቀው ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ነው። ኔሪት የሚባለው ቀንድ አውጣ መስታወትና ወፍራም ቅጠል ያጸዳል፣ ተክል አይበላም፣ ጨዋማ ባልሆነ ውሃም አይራባም። ነጭ እንቁላሉን በየቦታው መለጠፉ ያናድዳል፣ ያ ብቻ ነው። ኦቶሲንክለስ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ለስላሳውንና ቡናማውን ትወዳለች፣ ግን አዲስ ገንዳ ላይ ቶሎ ትሞታለች፤ ቆዩና አስገቧት። ጥቁሩን ጢም የሚበላው የሲያም አልጌ በሊታ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ትንሽ ገንዳ ለእሱ አይሆንም። ስትገዙ ከሚመሳሰሉት ለይታችሁ ግዙ፣ የቻይናው ሲያድግ ሌሎቹን ዓሦች ያስቸግራል። ሁሉም ደግሞ የዓሣ ምግብ ከጠገቡ አልጌ አያዩም።

ቢያንስ አንድ ወር ታገሡ። አኑቢያስ አንድ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ይፈልጋል። የምታዩት አሮጌውን ቅጠል ከሆነ ምንም የተለወጠ አይመስላችሁም። አዲሱን እዩ፤ እሱ ንጹህ ከሆነ መንገዱን ይዛችኋል። በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ፎቶ ማንሳትም ይረዳል፤ በየቀኑ የሚያይ ዓይን ለውጡን አይለይም። ሲረጋጋ መብራቱን በሳምንት በግማሽ ሰዓት ብቻ መጨመር ትችላላችሁ፣ በቀን 8 ሰዓት እስኪሞላ። አልጌው ብቅ ካለ ወደ ነበረበት መልሱት።

አዲስ ተክል ስታመጡ ደግሞ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ አትክተቱት። ማሰሮውንና ሥሩ ላይ ያለውን ጥጥ መሳይ ነገር አውጡ፣ አሮጌ ቅጠሎቹን ቁረጡ፣ የቅጠሎቹን ጠርዝና ጀርባ በብርሃን እዩ። ጥቁር ፀጉር ያለበትን ቅጠል እዚያው ጣሉት። ከዚያ አንድ ሁለት ሳምንት መስኮት አጠገብ በንጹህ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ። በባልዲ ውስጥ የታየ አልጌን ማጥፋት ተክሉን መልሶ እንደማለቅለቅ ቀላል ነው፤ ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ማጣሪያውም ድንጋዩም ሁሉም ቦታው ይሆናል።